የቀትሩ «አለሁ»

አንድ ንጉሥ ሠራዊቱ ከሩቅ የሚነጋገርበትን ጥበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረው። ትምህርት ቤቱ ከከተማው በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ተሠርቶ ዕድሜው ከንጉሡ ዕድሜ ይበልጥ ነበር። በንጉሡ አያት ዘመን መለከት ይነፋበት፣ በአባቱ ዘመን ነጋሪት ይጎሰምበት ነበር። በእሱ ዘመን ደግሞ የመስታወት ትምህርት ገባ። ተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ወታደር ፀሐይን በመስታወቱ ይይዝና ብርሃኗን ወደ ሩቅ ተራራ ይወረውራል፤ ብልጭታው አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር እያለ ቃል ይሆናል።

መሣሪያው በየዘመኑ ሲለወጥ ያልተለወጠ አንድ ልማድ ነበረ። በየቀኑ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እያንዳንዱ የተራራ ጣቢያ ለትምህርት ቤቱ «አለሁ» የሚል ምልክት ይልካል። ትምህርት ቤቱም «ሰማሁ» ብሎ ይመልሳል። ደመና ከሆነ ለነገ ይቆያል። ሰማዩ ጠርቶ ምልክቱ ከቀረ ግን ማንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ አንድ ፈረሰኛ ወደዚያ ጣቢያ ይወጣል።

አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን በጋ የሚያሳልፈው ይህችን አንዲት ምልክት ሲማር ነው። አንድ ጊዜ ውብነህ የሚባል ተማሪ ተሰላችቶ «መምህር፣ አለሁ ማለትማ አገሬ ሆኜም እችል ነበር» አለ።

የትምህርት ቤቱ አለቃ መምህር ደምለው «ማለቱንማ ትችል ነበር» አለው። «ማን ይሰማህ ነበር?»

ውብነህ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምልክቷን አንድ ቀን አላስታጎለም። ሲመረቅ የተሰጠው ከሁሉ የራቀው ጣቢያ፣ ከጠላት አገር ጋር የሚዋሰነው የሰሜኑ በር ነበር።

አንድ ቀን አዲስ የተሾመው የጦር አበጋዝ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጣ። ቀትር ሆነና ተራሮቹ በየተራ ብልጭ ብልጭ አሉ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» ሲል ጠየቀ።

«አለሁ ነው የሚሉት፣ ጌታዬ» አለ መምህሩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም እንደዚሁ።»

«አሽከሬ በየቀኑ እየመጣ አለሁ ቢለኝ መኖሩን እንዲጠላ አደርገው ነበር» አለ አበጋዙ። አጃቢዎቹ ሳቁ፤ የአጃቢ አንዱ ሥራ ይህ ነው።

አበጋዙ ግን ሞኝ አልነበረም። በየቀኑ መብለጭለጭ የተቀመጥንበትን ቦታ ለጠላት ማሳየት ነው አለ። ሁልጊዜ የሚናገርን ሰው ጆሮ ይሰለቸዋል፣ አንድ ነገር ሲኖር ብቻ የሚናገር ግን ይደመጣል አለ። ከዛሬ ጀምሮ ወሬ የሌለው ጣቢያ ዝም ይበል ብሎም አዘዘ።

መምህር ደምለው መልስ ነበረው። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ጣሪያ እንዲታደስለት አበጋዙን ለመለመን ያሰበው በዚያው ቀን ነበር። ስለዚህ «እንደ ፈቃድዎ» አለ። ጣሪያውም ታደሰ።

ዓመት አለፈና ምንም ክፉ ነገር አልደረሰም። ተማሪዎች ቶሎ ቶሎ ይመረቁ ጀመር። የጣቢያዎቹ ሥራ ስለቀለለ በየተራራው ከነበሩት ሁለት ሁለት ሰዎች አንድ አንዱ ተነሣ። መምህሩ ራሱ «ምናልባት በከንቱ ስንደክም ኖረን ይሆናል» እያለ ማሰብ ጀመረ። ዓመቱ ሲያልቅም አበጋዙ በከንቱ መልእክት ማንንም ላላስቸገረ ጣቢያ ሽልማት ይሁን አለ። ከሁሉ ዝምተኛው የሰሜኑ በር ሆኖ ተገኘ። ለውብነህ የተዘጋጀው ጥሩ ካባ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣና ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው እስኪገኝ በመምህሩ ክፍል ተሰቀለ።

አዝመራው እንደተሰበሰበ ደቡብ ያለችው የንግድ ከተማ ተከበበች። የደቡቡ መስታወት ከጠዋት ጀምሮ «ድረሱልን» ሲል ዋለ። ሠራዊቱ ተሰበሰበ፣ በቅሎዎቹ ተጫኑ። ንጉሡ ከመነሳቱ በፊት መምህር ደምለውን አስጠራው።

«ሰሜኑስ?» አለው።

«ዝም ብሏል፣ ጃንሆይ።»

አበጋዙ ቀደም ብሎ «ዝም ካለ ሰላም ነው። ደንቡ እንደዚያ ነው» አለ።

ንጉሡ ዓይኑን ከመምህሩ ላይ አላነሳም። «አንተ ሰላም ነው በለኝና ልሂድ።»

ቃሉ አጭር ነበር፤ አዳራሹም ሁሉ የሚጠብቀው እሱኑ ነበር። መምህሩ ሰላም ነው ብሎ ቢሳሳት፣ ጠላት በሰሜኑ በር ገብቶ ከተማዋን ያለ አንድ ወታደር ያገኛታል። ሰላም አይደለም ብሎ ቢሳሳት ደግሞ ደቡብ ረዳት ስትጠብቅ ታልቃለች።

«አላውቅም፣ ጃንሆይ» አለ።

«እንዴት አታውቅም? ሥራህ ማወቅ አይደለም?»

«ቀድሞ ቢሆን በየቀትሩ አውቅ ነበር። አሁን ግን የደህና ሰው ዝምታና የሞተ ሰው ዝምታ ከዚህ ሆኜ ሳያቸው አንድ ናቸው።»

«ጥራውና ጠይቀዋ!» አለ አበጋዙ።

«ከጠዋት ጀምሮ ስጠራው ነው የዋልኩት፣ ጌታዬ። አልመለሰም። አለመመለሱም ምንም አይነግረኝም። ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠራው ሰው ዛሬ ይጠሩኛል ብሎ ወዲህ የሚያይበት ምክንያት የለውም።»

«ደቡብ እየነደደ እኛ ሰላምታ እንጠብቅ ነው የምትለው?»

ንጉሡ እጁን አነሳና አበጋዙ ዝም አለ። «ስንት ጊዜ ይበቃሃል?»

«እስከ ነገ ወዲያ ቀትር።»

«መልካም። ብልጭታህን ካየን እንዘምታለን። ካላየን ሰሜኑ ተይዟል ብለን እንቀራለን። ሰውዬው ተኝቶ አግኝተኸው ከሆነ ግን፣ ደቡብ በእነዚህ ቀናት የምታጣው ሁሉ በራስህ ላይ ነው።»

መምህሩ በቅሎውን ጭኖ ወጣ። ካባውንም ያዘ፤ ውብነህን በሕይወት ካገኘው ባዶ እጁን መሄድ አልወደደም። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ይመኝ ነበር፤ ውብነህን ሰነፍ ሆኖ፣ ሥራውን ትቶ፣ ፀሐይ ሲሞቅ እንዲያገኘው። በዚያ ስንፍና የሚጠየቀው እሱ ራሱ እንደሆነ ያውቃል። ግን ተመኘው።

ጣቢያው የደረሰው በተቀጠረው ቀን ረፋድ ላይ ነበር። «ውብነህ!» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። መስታወቱ ላይ አቧራ ተጋግሮበታል። ከክረምት በኋላ የወጣለት የስንቅ ጆንያ አፉ ተፈትቶ፣ ምንም ሳይጎድል ተቀምጧል። ውብነህ አልጋው ላይ ብርድ ልብሱን ለብሶ ደርቆ ነበር። የቁስል ምልክት የለበትም፤ ሕመም ነው የገደለው፣ ያውም ከወራት በፊት። ፊቱ የትምህርት ቤቱ ኮረብታ ወደሚታይበት መስኮት ዞሯል።

መምህሩ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ነው ምድጃውን ያየው። አመዱ ትኩስ ነበር። በዙሪያው የብዙ ሰው ጫማ ዱካ አለ፤ ዱካው በሰሜኑ በኩል ገብቶ በዚያው ወጥቷል። የብርድ ልብሱ አቧራ ተራግፏል፤ የመጡት ሰዎች ሬሳውን ገልጠው አይተዋል፣ መልሰውም አልብሰውታል። የውብነህን መሞት ከወገኖቹ አስቀድሞ ያወቀው ጠላት ነበር።

ወደ ውጭ ወጥቶ ሰሜኑን ተመለከተ። ከሥር፣ በጠባቡ መንገድ ላይ፣ ረጅም የፈረሰኛ ሰልፍ እየወጣ ነው። አልቸኮሉም። በሩ ላይ ያለው አንድ የሞተ ሰው ብቻ እንደሆነ ያውቃሉና ምን ያስቸኩላቸዋል?

ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ነው። መምህሩ መስታወቱን በካባው ጫፍ ወለወለና ወደ ኮረብታው አዞረ። አንደኛ ዓመት ተማሪ የሚማራትን ምልክት ላከ። አለሁ።

ኮረብታው ጨለም ብሎ ቀረ። ደገመ። ፈረሰኞቹ አንዱን መታጠፊያ አለፉ። ሦስተኛ ሊልክ ሲል ሩቅ ላይ አንዲት ነጥብ በራች። ሰማሁ።

«ጠላት በሰሜን በር። ሰው ላኩ» ብሎ አስከተለ። መልእክቱ እንደደረሰ ምላሹ መጣ፤ ሰው እስኪመጣ ግን ሌሊት ያልፋል፣ ፈረሰኞቹ ደግሞ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይደርሳሉ። በእጁ ያለው መስታወት ብቻ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ታሪክ ማንም አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። መስታወቱን ወደ ጠላት አዞረና ያችኑ ምልክት ላከ።

ብርሃኑ የመጀመሪያውን ፈረሰኛ ፊት መታው። ሰውዬው ልጓሙን ሳበ። ሰልፉ ሁሉ ቆመ። መምህሩ እንደገና ላከ፤ እንደገና። ቋንቋውን አያውቁትም፤ ሞተ የተባለው ተራራ እንደሚያያቸው ግን ገባቸው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከላይ ስንት ሰው እንዳለ ማወቂያ የላቸውም። አለቃቸው ግንባሩ ላይ እጁን ጋርዶ ብዙ ጊዜ ቆየ። ከዚያ ፈረሱን አዞረ።

መምህሩ የመጨረሻው ፈረስ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ አልተቀመጠም። ሲመሽ መቃብር ቆፈረ። ዝምተኛ በመሆኑ ለውብነህ የተሸለመው ካባ መገነዣ ሆነው።

ንጉሡ ሠራዊቱን ከፍሎ እኩሌታውን ወደ ሰሜን ላከ፣ በእኩሌታው ደቡብን አዳነ። ከገበያው ወዲያ ያለው ሰፈር ግን ሠራዊቱ ሲደርስ ተቃጥሎ ነበር። በዚያ ጥፋት ማንም መምህሩን አልጠየቀውም፤ እሱ ግን ጣሪያው በታደሰለት ክፍል ውስጥ ራሱን ሲጠይቅ ኖረ።

ከጊዜ በኋላ፣ የቀትሩ ልማድ ከተመለሰ ወዲያ፣ አበጋዙ ወደ ኮረብታው ብቻውን መጣና ከመምህሩ ጎን ቆመ። ቀትር ሲሆን በሰሜኑ በር ላይ ብልጭታ ታየ።

«ምን ይላል?» አለ።

«አለሁ ነው የሚለው፣ ጌታዬ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አበጋዙ «ሰማሁ በለው» አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ይጠብቅ ጀመር።

ወሬ የሌለው መልእክት ከንቱ የሚመስለው መምጣቱን እስካላቆመ ድረስ ነው። ዝምታን ሰላም ብሎ የሚተረጉም ሰው ከሩቅ ያለውን ሰው ሸክም አላቀለለም፤ የራሱን ጆሮ አሳረፈ እንጂ። እንደዚህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸልመው ማስቸገር ያቆመውን ነው፤ ለምን እንዳቆመ ግን አይጠይቅም።

አንተስ? «ካልደወለ ደህና ቢሆን ነው» ብለህ የተውከው ማን ነው? እሱ «አለሁ» ማለት ካቆመ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?