የሚታጠፈው ቱቦና የእማማ ማሞቂያ አደራ

«ይሄ የላስቲክ ቱቦ? እንደ ገላው ቃሉንም ያጥፋል!» አለ የብረቱ ቧንቧ፣ አያ ብረቴ። «እማማ፣ ለእሱ አደራ ከምትሰጪ ድመቷን ወተት አስጠብቂ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ድመቷ።

ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን ነው፣ ልጆቼ። ስሙኝ። ደብረ ብርሃን። ብርዷ ያኔም ብርድ ነው።

ቤቱ የእትዬ ዘርትሁን ነው። ምራታቸው ወልዳ ከሐኪም ቤት እየመጣች ነው። የአራሷ ክፍል ከቤቱ ጫፍ ነው፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ውሃ የምታፈላው እማማ ማሞቂያ ያለችው ደግሞ በሌላው ጫፍ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ። በአራሷ ክፍል ግድግዳ ግርጌ ረጅም የቆርቆሮ ሣጥን ተዘርግቷል። ሙቅ ውሃ ከደረሰው ክፍሉን ያሞቃል። የሚያደርስለት ጠፋ።

«ባንተይርጉ፣ ቶሎ በል እንጂ! ሕፃኑ መንገድ ላይ ነው!» አሉ እትዬ ዘርትሁን።

«እትዬ፣ ያለኝ ሁለት እጅ ነው!» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

እማማ ማሞቂያ ተንተከተከች። «ሙቀቴ አደራ ነው። ለሕፃኑ ነው። ማን ያደርስልኛል?»

«እኔ!» አለ አያ ብረቴ።

ባንተይርጉ በየጥጉ ማጠፊያ እየገጠመ ዘረጋው። ሙቁ ውሃ ገባ። አያ ብረቴ መንገድ ላይ የድንቹን ጆንያ አሞቀ። ግድግዳውን አሞቀ። በር ላይ የወለቀውን ጫማ አሞቀ። አራሷ ክፍል ሲደርስ ውሃው ለብ እንኳ አላለም።

«ሙቀቴስ?» አለች እማማ።

«እ… መንገድ ላይ…»

«አደራ በላ! አደራ በላ!» አለች ድመቷ፣ ከድንቹ ጆንያ ላይ ሳትነሣ። «እኔስ ተመችቶኝ ነበር።»

«ዘወር በሉ!» አለ አረንጓዴው የአትክልት ማጠጫ ጎማ። «መታጠፍ ከሆነ እኔ አለሁ።»

ሙቁ ውሃ ገባ። ጎማው ሁለት ክንድ ሳይሄድ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተዝለፈለፈ። «እናቴ ድረሽ!»

«ወደ ጎመንህ!» አለች ድመቷ።

ቀረ ቀዩ የላስቲክ ቱቦ። ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«አንተስ ትዝለፈለፋለህ?» አለች እማማ።

«እኔ ለሙቅ ውሃ የተሠራሁ ነኝ፣ እማማ። አንድ ነገር ብቻ፤ ባንተይርጉ ሲያጥፈኝ ሰፋ አድርጎ ይጠፈኝ። በጉልበት ከታጠፍኩ ጉሮሮዬ ይዘጋል።»

ባንተይርጉ ገጠመው። ቱቦው ሙቁን ውሃ ይዞ ሄደ። ከግድግዳው የወጣውን ድንጋይ ዞረ።

«ሙቀቴስ?»

«አለ!»

ምሰሶውን ዞረ።

«ሙቀቴስ?»

«አለ!»

የመጨረሻው ጥግ ላይ ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ባንተይርጉ ደነገጠ። ቱቦውን በኃይል ጎተተው።

«ጉሮሮዬ! ቀስ!»

«ሙቀቴስ?» አለች እማማ። ውሃው መንገድ ላይ ቆመ። «ሙቀቴስ?!»

ባንተይርጉ እጁን ላላ አደረገ። ትንፋሹን ሰበሰበ። ጥጉን እንደ በቅሎ ኮርቻ ሰፋ አድርጎ አጎበጠው።

«አለ! አለ፣ እማማ!»

ውሃው የቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ ገባ። ሣጥኑ ጠሽ ጠሽ አለ። «ኧረ ሞቀኝ! ኧረ ሞቀኝ!» ብሎ ዘፈነ።

አያ ብረቴ ተፈትቶ ዕቃ ቤት ተጋድሞ አኮረፈ። «ሦስቴ ታጠፍክ። አይቼሃለሁ።»

«ገላዬ ነዋ፣ አያ ብረቴ! ቃሌ ቀጥ እንዳለ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እኔንም ትንሽ አሙቀኝ።»

«ለአንተ አልተላከማ!»

እማማ ማሞቂያ እየሳቀች ተንተከተከች።

ከውጭ እልልታ። እትዬ ዘርትሁን መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። «ሞቋል! ሞቋል! ግቢ፣ ልጄ፣ ግቢ!»

አራሷ ገባች። ሕፃኑን የጠቀለለችበትን ጋቢ ገለጥ አደረገችው። ከውስጡ ትንሽ ቀይ እጅ ብቅ አለ፤ ጣቶቹን ዘረጋ።

«በሩን ዝጉ!» አሉ ሁሉም።

ድመቷ ተሽሎክሉካ ገባች። በሩ ገጭ ብሎ ተዘጋ።