ሳያየው «እንብላ» ያለው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ደርበው ልጄ፣ በሩን በሩን አትይ፤ የጠየቅከኝን አልረሳሁትም። «እማሆይ፣ ለወጉ ያህል የተባለ ቃል ሰውን ይይዘዋል ወይ?» አይደል ያልከኝ? ወንድምህ የተቀበረ ዕለት ሚስቱን «አይዞሽ አንጓች፣ እኔ አለሁልሽ» አልካት። ለቀስተኛው ሁሉ የሚለውን ነው ያልከው። ዛሬ ልጆቿንና ዕቃዋን ይዛ መጥታ አጥርህ ሥር ተቀምጣለች፤ አንተ ደግሞ በጓሮ ሾልከህ እኔ ዘንድ መጣህ። ጉድ እኮ ነህ! በል ቁጭ በልና ስማ።

ይህ ገበሬ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ግትር ነው። ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልተው ክረምት ከበጋ አይነጋገሩም። ሽማግሌ ቢገባ እምቢ፣ ቄስ ቢለምን እምቢ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲገናኙ አንዱ ዛፍ ያያል፣ አንዱ ሰማይ ያያል። ሚስቶቻቸው ግን ወንዝ ሲወርዱ ተደብቀው ይሳሳማሉ፤ እኛ ሴቶች መቼም ብልሃት አናጣ።

ጎረቤትየው ድሃ ነበር። በዚያ ክረምት አንዱ በሬው ገደል ገባበት። አንድ በሬ ብቻውን አያርስ፤ ሌላ በሬ የሚያቀናጀው ሰው ይፈልጋል። ማንን ይጠይቅ? አጠገቡ ያለው ያኮረፈው ሰው ነው። መሬቱ ጦም ሊያድር ሆነ፣ ቤት ያለችውም እህል አለቀች። በመጨረሻ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ፣ ቆላ ወርዶ ለሰው ሊያርም ቆረጠ። ያኔ ቆላ ወባ አለ። የወረደ ሁሉ አይመለስም ነበር፤ ልጆቹም ይህንን ያውቃሉ።

ስልቻውን አንግቦ ወጣ። መንገዱ በገበሬው ማሳ ዳር ያልፋል፤ ሌላ መውጫ የለውም። ገበሬው ከአረሙ አረፍ ብሎ፣ ሚስቱ ካመጣችለት አገልግል አጎንብሶ ይበላል። ኮቴ ሰማ። አንተስ ብትሆን ምን ትላለህ? እየበላህ መንገደኛ ሲያልፍ ዝም ትላለህ? ከልጅነቱ የለመደው አፉ ነው፤ ቀና እንኳ ሳይል «እንብላ!» አለ።

መቼም ወጉን ታውቃለህ። መንገደኛው «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል። «እንብላ» የተባለ ሁሉ ቢቀመጥማ የማን አገልግል ይበቃል! ይህ ሰው ግን አላለፈም። ቆመ። ገበሬው ቀና ቢል፣ ያ የጠላው ሰው ነው። ምላሱን ቢነክሳት ወደደ፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጎረቤትየው ቀስ ብሎ «እኔን ነው?» አለ።

አዬ፣ ልጄ! ትልቅ ሰው እኮ ነው፣ የልጆች አባት። ስንት ወር ሙሉ ከዚያ ማሳ አንድ ቃል ያልወጣለት ሰው፣ በአንዲት «እንብላ» ሆዱ ባባ። መልስ ሳይጠብቅ ስልቻውን አወረደ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሊታጠብ ሁለት እጁን ዘረጋ። የገበሬው ሚስት የውሃውን ቅል አነሣችና ባሏን አየችው። ልታስታጥብ ፈራች፣ ልታስቀምጠውም አልቻለችም።

ገበሬው «አንተን አይደለም፤ ሳላይህ ነው» ማለት ይችል ነበር። እውነትም ነው፣ ማን ይፈርድበታል? የተዘረጉትን እጆች አየ። ሰውየው እስካሁን አልሰበሰባቸውም። ይሄኔ ቅሉን ከሚስቱ እጅ ተቀበለና ራሱ ተነሥቶ ውሃውን አፈሰሰለት። «ታጠብ» አለው።

አብረው በሉ። ሲጨርሱ ገበሬው «ወዴት ነህ?» አለው።

«ቆላ።»

«ምን ልትሠራ?»

«በሬዬ ሞተ እኮ። ምን ላድርግ?»

ገበሬው አገጩን አከከ፣ አከከና «ከነገ ጀምሮ ዳልቻውን በሬዬን ካንተ በሬ ጋር እንጠምደዋለን» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ድንበሩ ግን የኔ ነው!» አለ። ግትር ነው ብዬህ የለ! ጎረቤትየው ስቆ ስልቻውን አነሣና ወደ ቤቱ ተመለሰ። በድንበሩ ከዚያም በኋላ ተከራክረዋል፤ እየበሉ ነው ግን የሚከራከሩት።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ደርበው። ያ ገበሬ «እንብላ» ሲል ያንን ሰው ልጋብዝ ብሎ አላሰበም። አንተም «አለሁልሽ» ስትል አንጓችን ቤቴ አስገባለሁ ብለህ አላሰብክም። አምንሃለሁ። ቃል ግን አንዴ ከወጣ ሰሚው ቤት ገብቶ ይሠራል። በዚያ ለቅሶ ስንት ሰው «አለሁልሽ» አላት! እሷ ከዚያ ሁሉ ያንተን ይዛ አደረች። ልጆቿንም «አጎታችሁ አለ» እያለች ነው ያስተኛቻቸው።

ጎጆህ ጠባብ ናት፣ አውቃለሁ። ሚስትህም ብትፈራ አልፈርድባትም፤ ልጆች አሏት። ግን «አለሁልሽ» አልካት እንጂ «ሀብታም ነኝ» አላልካትም። ገበሬውም ያበላው ለራሱ ከመጣለት ምሳ ነው። ሲጎድልባችሁ ደግሞ እኛም አለን፤ ጎረቤት መች ሞተ?

አንጓች አጥርህ ሥር ተቀምጣ «እኔን ነው ያለው?» እያለች ነው። አፏ አያወጣውም፣ ልቧ ግን እያለ ነው። ቅሉ ያለው ባንተ እጅ ነው። ተነሥ ልጄ። በጓሮ እንዳትመለስ፤ በፊት ለፊት ሂድና ዕቃዋን ተሸክመህ አስገባላት።