የእመት አህያ ድረ ገጽ ለምን ጠፋ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ስልክ መያዝ በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ ደረቅ ቆላ ውስጥ የራሷ ድረ ገጽ ያላት እመት አህያ ነበረች። ሳቃችሁን ትንሽ ያዙልኝ፤ የድረ ገጿ ነገር ቀልድ አልነበረም። በጋው ሲበረታ አንዱ ምንጭ ይደርቃል፣ ሌላው ይደፈርሳል። እመት አህያ ደግሞ ጭነቷን ተሸክማ በየመንገዱ ስለምትዞር የትኛው ምንጭ ውሃ እንዳለው ታውቃለች። ያወቀችውን ትጽፋለች። ራሷ ያልቀመሰችውን ውሃ ግን አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም።

የድረ ገጿን አድራሻ በቃሉ የያዘ አልነበረም፤ ማንስ ይይዛል? ሁሉም የሚጠይቀው ቁራን ነው። ቁራ እየበረረ የአገሩን ድረ ገጽ በሙሉ ያነባል። የተጠማ ሁሉ በስልኩ «ውሃ የት አለ» ብሎ ሲጽፍለት፣ ያነበበውን በተራ ይደረድርለታል። ከላይ የተቀመጠውን ሁሉም ያየዋል፤ ከታች የተቀመጠውን የጻፈው ራሱ እንኳ ፈልጎ አያገኘውም። እመት አህያ ዓመቱን ሙሉ ከላይ ነበረች።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ድረ ገጿን ብትከፍት ጎብኚ የለም። ረቡዕም ዝር ያለ የለም። ሐሙስ ዕለት ደነገጠችና ስልኳን አንስታ «ውኃ የት አለ» ብላ ቁራን ጠየቀችው። ድረ ገጿ እንደ ድሮው ከሁሉ በላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አለሁ እኮ!» አለች። «ታዲያ እነሱ የት ሄዱ?»

ሆዷ ባባ። ስንቱን ከሞት እንዳዳነች ራሷ ታውቃለች። ያ ሁሉ ረሳኝ ማለት ነው ብላ አሰበችና እንባዋ መጣ።

በዚህ መሐል ከርከሮ እያነከሰ ደረሰ። ጅራቱ እኩሌታው የለም።

«ምነው? ምን አገኘህ?»

«አንቺን ፈልጌ ሳጣሽ ነው እንዲህ የሆንኩት!» አለ ከርከሮ። «ቁራን ብጠይቀው ከላይ ያመጣልኝ የአያ ጅቦን ድረ ገጽ ነው። ከዳር እስከ ዳር ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ገደሉ ሥር ነው ይላል። ብሄድ ጠብታ የለም፤ አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጅራቴን ትቼለት ነው ያመለጥኩት።»

«እኔስ? እኔ የለሁበትም?»

ከርከሮ ስልኩን ሰጣት። ሰኮናዋ እስኪደክም ወደ ታች ብትገፋ፣ ብትገፋ፣ ከጉንዳን ድረ ገጽ ቀጥሎ ራሷን አገኘች።

«በእኔ ስልክ አንደኛ፣ በአንተ ስልክ መጨረሻ! ይህ እንዴት ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቄ? ብቻ ቶሎ በይ። ሚዳቋ ነገ ማለዳ ግልገሏን ይዛ ውሃ ፍለጋ ትወጣለች። ልነግራት ብደውል ስልኳን ለባትሪው ስትል ዘግታዋለች፤ የምትከፍተው ነገ ቁራን ለመጠየቅ ብቻ ነው። ከላይ የምታየው ደግሞ አያ ጅቦን ነው።»

ይህን ጊዜ ቀበሮ ከቁጥቋጦው ሥር ብቅ አለ። እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር አልተናገረም፤ እኔ ልንገራችሁ። የአያ ጅቦን ድረ ገጽ የሠራው እሱ ነው። አያ ጅቦማ የገዛ ስሙን መጻፍ እንኳ ያልበዋል። ውላቸው ጅብ በልቶ የተረፈው ለቀበሮ እንዲሆን ነው፤ ጅብ በልቶ ምን ሊተርፍ እንደሚችል ቀበሮም ገና አላሰበበትም።

«እመት አህያ፣ እኔ በዚህ ሥራ ጥርሴን የነቀልኩ ነኝ» አለ። «ነገሩ ግልጽ ነው። አያ ጅቦ ቁራን ሥጋ ያበላዋል። ቁራ ደግሞ እንዳትነቂበት በአንቺ ስልክ አንደኛ ያደርግሻል፤ በሌላው ስልክ ይቀብርሻል።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ዝጊባቸው! ለጥቂት ቀን ድረ ገጹን ዝጊው። ጉሮሯቸው ሲደርቅ ዋጋሽን ያውቁታል።»

እንዲህ ያለ ምክር ለተቀየመ ልብ ይጣፍጣል። እመት አህያ ልትዘጋው ሰኮናዋን አነሳች። የሚዳቋ ግልገል ትዝ ባይላት ኖሮ ዘግታው ነበር።

«መጀመሪያ ቁራን ፊት ለፊት ላናግረው» አለች።

«ኋላ እንዳይቆጭሽ» አለና ቀበሮ ወደመጣበት ተመለሰ።

ቁራ ግራር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንተ ሆዳም!» ስትል ጮኸችበት። «በስንት ሙዳ ሥጋ ሸጥከኝ?»

ቁራ አልተቆጣም። ከደረጃው የወረደ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለምዶታል።

«ማንም አልገዛኝም» አለ። «ይልቅ ንገሪኝ፤ ጎብኚ የጠፋው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከማክሰኞ ወዲህ።»

«ሰኞ ምን ነካካሽ?»

«ምንም!»

«ሁሉም ምንም ነው የሚለኝ። እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢ።»

እመት አህያ ጆሮዎቿን ጣል አደረገች። መናገሩ እንደከበዳት ያስታውቃል።

«አንድ ነገር አለ፤ ግን እሱ ማስተካከል ነው እንጂ መነካካት አይባልም። እሁድ ዕለት ምንጩ ዳር የኔታ ፍየል ድረ ገጼን አነበቡና በዚያ ሁሉ አራዊት ፊት ሳቁብኝ። ‹ውኃ የሚጻፈው በብዙኃኑ ኃ ነው፤ በሃሌታው የምትጽፊው አህያ ብትሆኚ ነው› አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ሰኞ ቁጭ ብዬ አንድ ሳላስቀር ለወጥኩት።»

ቁራ ከግራሩ ወርዶ አጠገቧ ቆመ።

«እመት አህያ፣ እኔ በጆሮዬ አላነብም፤ የማነበው በዓይኔ ነው። ለአንቺ ሃ እና ኃ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለእኔ ግን ሁለት መልክ ናቸው። ነይ፣ ይህን እዪ።»

አራዊቱ ሰሞኑን የጠየቁትን አሳያት። ዝንጀሮ «ውሃ» ብሎ ጽፏል። ኤሊ «ውሃ ቅርብ ያለ» ብላለች። ጃርት ሁለት ጊዜ ጠይቋል። አንዱ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ነው መሰል «የአህያዋ ውሃ የት ገባ» ብሎ ነበር። ሁሉም በሃሌታው ነው።

«በብዙኃኑ ኃ የጠየቀኝ አንድ ብቻ ነው» አለ ቁራ።

«ማን ነው እሱ?»

«አንቺ ነሽ።»

እመት አህያ አፈረች። ቢሆንም ከሐፍረቷ ሥር አንድ ደስታ ነበር። አራዊቱ አልረሷትም። እሷ ተቀይማ በተቀመጠችበት ሰሞን ሁሉ ሲጠሯት ነው የከረሙት።

«የኔታ ግን አልተሳሳቱም አይደል?» አለች።

«አልተሳሳቱም። መጽሐፍ ስትጽፊ እንደሳቸው ጻፊ። የተጠማ ግን የሚጣራው በለመደው ፊደል ነው። ኃ ስሙ ብዙኃን ይባል እንጂ የሚጽፈው ጥቂት ነው።»

እዚያው ግራሩ ሥር ቆማ ሁሉንም ወደ ቀድሞው መለሰችው። ለየኔታ ክብር ከግርጌው አንዲት መስመር በብዙኃኑ ኃ ተወች።

«አሁን ሚዳቋ ታገኘኛለች?»

«ድረ ገጽሽን እንደገና የማነበው ተራሽ ሲደርስ ነው» አለ ቁራ። «ለነገ አይደርስም። ለአያ ጅቦ አላዳላሁም፤ ለአንቺም አላዳላም።»

በማግስቱ ማለዳ እመት አህያ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ቆማ ነበር። ግራው ወደ ምንጩ፣ ቀኙ ወደ ገደሉ ይወስዳል። ሚዳቋ ከነግልገሏ ከሩቅ ብቅ ስትል እመት አህያ ባላት ጉልበት ሁሉ አናፋች።

«ምን ሆነሻል? ልጄን አስደነገጥሽብኝ!» አለች ሚዳቋ።

«በቀኝ አትሂጂ! እዚያ ያለው አያ ጅቦ ነው። ተከተይኝ።»

«ቁራ ግን በቀኝ ብሎኛል።»

«ቁራ የነገረሽ ተጽፎ ያየውን ነው። እኔ ውሃውን ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

ሚዳቋ የእመት አህያን ከንፈር አየች። ገና ያንጠባጥባል። ወደ ግራ ታጠፈች፤ ግልገሏም ከኋላዋ እየዘለለ ተከተለ።

ገደሉ ሥር አያ ጅቦ ሆዱ እየጮኸ ሲጠብቅ ዋለ።

«አንደኛ ነን አላልከኝም?» አለው ቀበሮን።

«ነን እንጂ! ስልክህን እየው።»

«ስልክ አይበላም። ምሳዬ የታለ?» አለና አያ ጅቦ፣ ያለልማዱ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቀበሮን አተኩሮ ያየው ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ ቀበሮን በዚያ ቆላ ያየው የለም።

ጥቂት ቆይቶ የእመት አህያ ተራ ደረሰ፤ ቁራ አነበባት፣ ድረ ገጿም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ። አንድ ቀን ቀትር ላይ የኔታ ፍየል ጢማቸው አቧራ ለብሶ፣ ምላሳቸው ደርቆ ምንጩ ጋ ደረሱ።

«እንዴት አገኙን የኔታ?» አለች እመት አህያ።

«ቁራን ጠይቄ ነዋ።»

«በየትኛው ሃ?»

የኔታ ጎንበስ ብለው፣ ጢማቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ለረጅም ጊዜ ጠጡ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚፈልጉን ራቁን ብለን ከመቀየማችን በፊት፣ ሲጠሩን የኖሩበትን ስም በገዛ እጃችን ለውጠንባቸው እንደሆነ መመርመር እንዳለብን ነው።