እንግዳ ለመሸኘት የተነሱት አባት

አንድ ተመራማሪ ነበረ፤ ሥራው የሰው ልጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማጥናት ነው። የጠየቅሽኝን አልዘነጋሁም፣ ጥሩወርቅ። ጎረቤትሽ ልጇ ሞቶባት ሐዘን ላይ ናት፤ ልትጠይቂያት በተነሳሽ ቁጥር «የምሄደው ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ሰው እንዲያየኝ?» እያልሽ ከደጅሽ ትመለሻለሽ። «ልቤን እንዴት ላጥራው?» ብለሽ መጣሽ። እመለስበታለሁ፤ እስክጨርስ ታገሺኝ።

ይህ ተመራማሪ ሰዎችን ወንበር ላይ ያስቀምጥና ክንዳቸው ላይ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ምልክቶች ይለጥፋል። ፊታቸው ውሃ የሞላ ብርጭቆ ያኖርና «አንሱ» ይላቸዋል፤ የእጃቸውን አካሄድ በካሜራ ይቀርጻል። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ነገር ተረዳ። ብርጭቆውን ብቻ እያየ የሚያነሳ ሰው፣ እጁ ገና መንገድ ላይ ሳለ በብርጭቆው ልክ ተከፍቶ ይሄዳል። ያንኑ ሰው «ክርንህን ልብ በል፣ ጣትህን ልብ በል» ያሉት እንደሆነ ግን እጁ ይንቀራፈፋል፤ ውሃውንም ያፈሰዋል። ተመራማሪው ይህን ለተማሪዎቹ ሲያስተምር ደስ ይለው ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው አባቱ ታመሙበት። ሕመሙ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ እግር የሚያስር ነው። አዛውንቱ ክፍላቸው ውስጥ ደህና ይራመዳሉ፤ ደጃፉ ጋ ሲደርሱ ግን እግራቸው ከወለሉ ጋር የተሰፋ ይመስል ቀጥ ይላሉ። ልጁ «ተሸክመን እናውጣህ» ቢላቸው እንቢ አሉ። «ከዚህ ቤት በሰው ትከሻ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ገና ነው» አሉት። ልጁ ፈራ። አባቱ ከእንግዲህ የግቢያቸውን ፀሐይ ሳይሞቁ እዚያው ቤት ውስጥ የሚያልቁ መሰለው።

ሲፈራ ደግሞ የሚያውቀው ሁሉ ጠፋበት። ጠዋት ጠዋት አባቱን ደጃፉ ላይ ያቆምና «አባዬ፣ መጀመሪያ ክብደትህን ወደ ግራ ጣል። አሁን ቀኝ ጉልበትህን አንሳ። ተረከዝህን ልብ በል!» ይላል። አባትየው እግራቸው ላይ ያፈጥጣሉ፣ ያልባቸዋል፣ ንቅንቅ አይሉም። ልጁ ይባስ ብሎ ጠያቂ ከለከለ። «አባቴ ሐሳቡን መሰብሰብ አለበት፤ ሰው ሲመጣ ይረበሻል» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ከአጥሩ በር መለሰ። እስቲ አስቢው፣ በእኛ አገር የታመመ ሰው ቤት ጠያቂ ሲከለከል! ሰዉም ተቀይሞ ቀረ፤ አዛውንቱም ወሬ አቆሙ።

አንድ ቅዳሜ ግን እትዬ ዘነቡ የሚባሉ የጥንት ጎረቤታቸው ክልከላውን ሳይሰሙ ከክፍለ ሀገር መጡ፤ በፌስታል ብርቱካን ይዘዋል። ልጁ ሊመልሳቸው አፉን ከፍቶ ነበር። ያን ያህል መንገድ የመጡ እናት ፊት ላይ በር መዝጋት ግን አልሆነለትምና አስገባቸው። ሁለቱ አዛውንቶች የድሮ ሰፈራቸውን ሰው አንድ በአንድ እያነሱ ሲያሙ ቆዩ። ልጁ የአባቱን ሳቅ ከሰማ ሰንብቶ ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። አባትየውም ተነሱ።

«ኧረ በሞቴ እንዳይነሱ! ታመው የለም እንዴ?»

«ምን ሲደረግ! ከእኔ ቤት ሰው ሳይሸኝ ወጥቶ ያውቃል?»

«አይሆንም፣ ይቀመጡ ብያለሁ!»

«እኔ ልሙት እሸኝዎታለሁ!»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ እትዬ ዘነቡ ወጡ፤ አባትየውም ተከትለዋቸው ወጡ። ደጃፉን ተሻገሩት። ልጁ «ግራህን» ሊል ነበር፤ ግን ተወው። አባቱ እግራቸውን አላዩም፤ የሚያዩት የእንግዳዋን ጀርባ ነው፤ ጭንቀታቸውም ሴትዮዋ ሳይሸኙ እንዳያመልጧቸው ነው። ግቢውን አቋርጠው የአጥሩ በር ደረሱ፤ እዚያም እንደ ወጉ ቆመው ቤት ውስጥ ካወሩት የበለጠ አወሩ። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ይስቃል፤ እንባውም ይወርዳል። ያን ሁሉ ወር ደረቱን ተጭኖት የነበረው ነገር ቀለለው። ያን ጊዜ ብርጭቆው ትዝ አለውና «ለካ አባቴን ክርንህን እይ ስለው ኖሬአለሁ» አለ።

እንግዳዋ ሄዱ። አባትየው ሲመለሱ ደጃፉ ጋ እንደገና ቀጥ አሉ፤ ዓይናቸው ወደ እግራቸው ወረደ። ልጁ አሁን ስለ እግር አንድም ነገር አላነሳም። «አባዬ፣ ያን ብርቱካን እንደ ልጅነቴ ላጥልኝ» አለ። አዛውንቱ ቀና ብለው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርቱካን አዩ። «አንተ ሰነፍ፣ ፀጉርህ ሸብቶም መላጥ አልቻልክም?» እያሉ ገቡ።

ሕመሙ ዳነ እያልኩሽ አይደለም። ከዚያ በኋላም እግራቸው የሚያዝበት ቀን ነበረ። ነገር ግን የአጥሩ በር ለጠያቂ ተከፈተ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሸኚው እሳቸው ሆኑ። ልጁም እፎይ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አንቺም እንዲሁ ነሽ፣ ጥሩወርቅ። ደጃፍሽ ላይ ቆመሽ ልብሽ ላይ ታፈጥጫለሽ፤ ጠራ፣ አልጠራ ትያለሽ፤ ባፈጠጥሽበት ቁጥር ይተሳሰርብሻል። ልብሽን ለጊዜው ተዪውና ያቺን ሴት ተመልከቻት። ከልጇ ፎቶ ፊት ብቻዋን ተቀምጣ በሯ እስኪንኳኳ ትጠብቃለች። መንገድ ላይ «ሰው አየኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣብሽ ይሆናል፤ ይምጣ፤ አንቺ ያን ጊዜ ደጃፉን ተሻግረሻል። በይ ተነሺ። የእኔም ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፤ ቢሆንም እስከ በሩ ልሸኝሽ።