የሰም ጥርስ

አንድ ሐይቅ ነበረ፤ ከሥሩ ፍል ውሃ የሚመነጭበት። ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱ መንደሩን ሲሸፍነው ቤቶቹ ደመና ላይ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። ውሃው ይጣፍጣል፣ ዓሣውም ይሰባል። አንድ ጣጣ ብቻ አለበት፤ እየጠጣው ያደገን ሰው ጥርስ ቡናማ ያደርጋል። የልጅነት ጥርስ ነጭ ሆኖ ይበቅላል፤ እሱ ወልቆ የሚተካው ግን ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ በዚያ መንደር ሳቅ ሲመጣ እጅ ይቀድመዋል። ወንዱ በጋቢው፣ ሴቷ በነጠላዋ፣ ሁለቱም የሌለው በመዳፉ አፉን ከድኖ ይስቃል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!» እያለ ይመለሳል። ማንም አላረመውም። ጨዋ መባልን ማን ይጠላል?

በመንደሩ ማንያህልሻል የምትባል ሰሌን ሠሪ ትኖር ነበር። በወጣትነቷ ዘፈን አውጪ ነበረች፤ እሷ የሌለችበት ሠርግ አይደምቅም። አንድ ቀን ግን ሠርግ ላይ ስትዘፍን አንድ መንገደኛ ነጋዴ ቆሞ ሲያያት ቆየና «አፍሽን እስክትከፍቺ ድረስ እንዴት ታምሪ ነበር!» አላት። ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ መንገዱን ቀጠለ፤ ያቺን ቃል ግን እሷ ላይ ጥሏት ሄደ። ይህ ሰውዬ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ማንያህልሻል ከዚያ ወዲህ ዘፈን አላወጣችም። የሚወዳት ባል አገባች፣ ብርቄ የምትባል ልጅ ወለደች፤ ሳቋን ግን ከነጠላዋ ጫፍ ውስጥ አላወጣችውም።

የብርቄ የፊት ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር እናትየው ሐሳብ ገባት። አሁን ደግሞ የልጇ ተራ ሊደርስ ነው። የልጇን ጥርስ መለወጥ አትችልም፤ የራሷን ግን ትችላለች። «ቢያንስ በእናቷ አፍ አታፍርም» አለችና ተነሣች።

ከኮረብታዎቹ ማዶ ጥርስ የሚያለብስ ሽማግሌ ነበር። ነጭ ድንጋይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እስኪሳሳ ድረስ ይፍቅና ጥርስ ላይ ይለጥፈዋል። ከእሱ ዘንድ የሚመለስ ሰው ጨረቃ ዋጠ ይባልለት ነበር። ማንያህልሻል ጉሙን እየቀዘፈች የምትሄድ እስኪመስላት ድረስ ተጉዛ ደጁ ደረሰች። እዚያም ከዛፍ ወድቆ የፊት ጥርሱ የተሸረፈበት አንድ ሸክላ ሠሪ ተራውን ሲጠብቅ አገኘች።

ሽማግሌው አፏን አስከፍቶ በእርጋታ አየ።

«ያምሻል ልጄ?»

«አያመኝም አባቴ።»

«ድድሽስ ይደማል?»

«አይደማም።»

«እንግዲያው ጥርስሽ ጤነኛ ነው። ድድሽ ቢታመም ኖሮ መጀመሪያ እሱን አድኚ ብዬ እመልስሽ ነበር። አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ ስሚ። ድንጋዩ እንዲቀመጥልኝ ጥርስሽን ከላዩ ጥቂት እሞርደዋለሁ። የሞረድኩትን መልሼ ማብቀል አልችልም። ድንጋዩም ቢሆን ዕድሜ አለው፤ አንድ ቀን ይሰነጠቃል ወይም ይወልቃል። ያኔ ሌላ ድንጋይ ትለብሻለሽ እንጂ ወደዚህ ጥርስሽ አትመለሺም።»

«ይሁን፤ አሁኑኑ ይሥሩልኝ።»

ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ። ማንያህልሻል ደነገጠች። ጥርሱ እንደ እሷው ቡናማ ነው! ለካ እሱም የሐይቁ ልጅ ኖሯል።

«አባቴ፣ ታዲያ እርስዎ ለራስዎ ለምን አልሠሩም?»

«ራሴን ጠይቄው ነበር። አልፈልግም አለኝ» አላት። «ለሚፈልግ ግን ደስ ብሎኝ እሠራለሁ። ነገር ግን በእኔ ቤት ድንጋይ የሚለብስ ሁሉ አስቀድሞ ሰም ይለብሳል።»

ነጭ ሰም አለስልሶ፣ ጥርሷን ምንም ሳይሞርድ በላዩ ላይ ቀረጸላት። «ትኩስ ነገር እንዳትቀምሺ፣ ይቀልጥብሻል። ቤትሽ ግቢና ኑሪበት። መልበስሽን ረስተሽ ከሳቅሽ ተመለሺ፤ ድንጋዩን እሠራልሻለሁ።»

«እኔ ረስቼው ነበር!» አለ ሸክላ ሠሪው ከበር ላይ። «ሰሙ መልቀቁን የነገረችኝ ሚስቴ ናት። ዛሬ ድንጋዬን ልለብስ ነው የመጣሁት።» ይህን ብሎ የተሸረፈ ጥርሱን እያሳየ ሳቀ። እጁ ጭኑ ላይ ነበር።

ማንያህልሻል አገሯ ስትገባ መንደሩ ወጥቶ አያት። ሴቶቹ «ውይ፣ እንዴት ያምራል!» አሉ። ባሏ አየት አደረጋትና «ደስ ካለሽ ደስ ብሎኛል» አላት። እሷም ደስ ብሏታል። ውሃ ስትቀዳ ጎንበስ ብላ ሐይቁ ውስጥ ታያለች፤ ከእንፋሎቱ ሥር አንዲት ነጭ ጥርስ ያላት ሴት ቀና ብላ ታያታለች። አንዳንድ ጊዜ የትኛዋ ከውሃው በላይ እንዳለች ግራ ይገባት ነበር።

አንድ ጠዋት ከብርቄ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጣ ሰሌን ስትሠራ የጎረቤት አህያ ውሃ ልጠጣ ብሎ ተንሸራተተና ቄጠማው ውስጥ ተዘፈቀ። ሲወጣ ቄጠማው ራሱ ላይ ተጠምጥሞ ጥምጥም ያሰረ ቄስ መስሏል። በዚያ ላይ ተቆጥቷል። ማንያህልሻል ሳቋ አመለጣት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ትንፋሿ ሲመለስላት ነጠላዋ አፏ ላይ መሆኑን አየች። እጇ ማንንም ሳይጠይቅ ወጥቶ ነጩን ጥርስ ከድኖታል።

ዘወር ስትል ብርቄም ትስቃለች። በትንሿ መዳፏ አፏን ግጥም አድርጋ ይዛዋለች።

እናትየው የልጇን እጅ ቀስ ብላ አወረደችው። ከሥሩ ያለው ጥርስ ወተት የመሰለ ነው።

«ብርቄ፣ ለምንድነው አፍሽን የምትሸፍኚው?»

«ሲሳቅ እንደዚህ አይደል እንዴ የሚደረገው?» አለች ልጅቷ ተገርማ።

ማንያህልሻል «እዪ እስቲ» አለችና ነጠላዋን ዝቅ አደረገች። «የእማዬ ጥርስ ነጭ ሆነ እኮ።»

ብርቄ ጠጋ ብላ አየች። «በፊት ምን ዓይነት ነበር?»

ማንያህልሻል አለቀሰች። ልጇ ስድስት ዓመት ሙሉ እቅፏ ውስጥ አድጋ የእናቷን ጥርስ አይታው አታውቅም! ነጋዴው ያላትን ሁሉ ስታስታውስ ኖራ፣ እሷ ራሷ ለልጇ አንዲት ቃል ሳትናገር ምን እንዳስተማረቻት አላወቀችም ነበር።

በጥፍሯ ሰሙን ፍቃ አነሣችው። «እንዲህ ነበር» አለች፣ አፏን ከፍታ።

ልጅቷ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ የሚነቃነቀውን ጥርሷን በምላሷ እየገፋች አሰበች።

«የእኔም እንዲህ ሊሆን ነው?»

«አዎ።»

«ያማል?»

«አያምም።»

«እሺ» አለችና ብርቄ ወደ አህያው ተመለሰች። ጉዳዩ አልቋል።

ማንያህልሻል ሰሙን በቅጠል ጠቅልላ ለሽማግሌው መለሰችለት።

«ድንጋዩስ ልጄ?»

«ይቆየኝ አባቴ። መጀመሪያ እጄን ላውርድ። እጄ ወርዶም ልቤ ነጩን ከፈለገ እመጣለሁ።»

«መልካም ብለሻል» አለ ሽማግሌው። «እኔ የምሞርደው ጥርስ ነው፤ እጅ ማውረድ አልችልበትም።»

እጇ ቶሎ አልወረደም። ስንት ዓመት የለመደውን! ሳቅ በመጣ ቁጥር እጇ ይነሣል፤ ብርቄ «እማዬ፣ እጅሽ!» ትላለች፤ ይወርዳል። የብርቄ ጥርስ ወለቀና ቤቱ ጣሪያ ላይ ወረወሩት። አዲሱ ቀስ እያለ ብቅ አለ፤ ቡናማ ነው። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ልጅ ተዳረች። ማንያህልሻል ዘፈን አወጣች፣ ብርቄ ከፊት ሆና ተቀበለች፣ ሁለት ቡናማ ሳቅ ከእንፋሎቱ ውስጥ ወጣ። አንድ እንግዳ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «እነዚህ ደግሞ ጨዋ አይደሉም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ማንያህልሻል ሰሙን ከመለሰች ወዲህ ወደ ኮረብታዎቹ ማዶ አልሄደችም።

ወዳጆቼ፣ ጥርስ ማልበስ ክፉ ነው አላልኩም። ሸክላ ሠሪውን አስታውሱ፤ የጎደለው ጥርሱ ነበር፣ ጥርሱን አስሞላ፣ ደስ ብሎት ሄደ። ማንያህልሻልን ያስጨነቃት ግን የነጋዴው ቃል ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ድንጋይ አይለጠፍለትም። የተሞረደ አይበቅልምና፣ ከመሞረዳችሁ በፊት ሰሙን ልበሱና ጥቂት ኑሩበት።

ለመሆኑ እናንተ ስትስቁ እጃችሁ የት ነው? የሚያያችሁ ልጅስ ምን እየተማረ ይሆን?