ሐጂ ሷዲቅ ያልማሉት መሐላ

ዝናብን በልኩ አውርዶ በምድር ሆድ ለሚያሳድረው ጌታ ምስጋና ይገባው። ይህ ወሬ ከአባቶች አፍ ለአባቶች ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ለሰሚውም ለተራኪውም ኸይር ያድርግልን።

ስሟን ባንጠራ የሚሻል አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ከጀርባዋ ጋራ፣ ከፊቷ ወንዝ ነበራት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ በየደጃፉ ያልፍ ስለነበር፣ ለፈጅር ሰላት የሚወጣ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በሰላምታው ነበር። በዚህች ከተማ ሐጂ ሷዲቅ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ክንዳቸው ረጅም ነውና ጨርቅ ሲለኩ ገዢ ይጠቀማል ይባልላቸው ነበር። ወዳጆቻቸው በአጭር ዘንግ እንዲለኩ ሲመክሯቸው፣ ክንዱን ያረዘመው አላህ ነው፣ እኔ ለማሳጠር ምን ሥልጣን አለኝ ብለው ይስቁ ነበር።

ጋራው ግን ከዓመት ወደ ዓመት ተራቆተ። አንዱ ለማገዶ፣ አንዱ ለከሰል፣ አንዱ ለጎጆ ምሰሶ እያለ ቆረጠው። እያንዳንዱ የቆረጠው ጥቂት ስለሆነ ጋራውን አጠፋሁት የሚል ሰው አልተገኘም። ዛፉ ሲያልቅ የወንዙ ጠባይ ተለወጠ። በክረምት ደፍርሶ እየተንደረደረ አጥርና ማሳ ይጠርጋል፤ በጋው ሲገባ ደግሞ ድንጋዩን አስጥቶ ይጠፋል። ጉሙም ቀረ፤ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት መተያየት ጀመሩ፤ ደስ ያለው ግን አልነበረም።

በአንድ ብርቱ የበጋ ወር የሐጂ ሷዲቅ ባለቤት ወይዘሮ ሩቅያ አረፉ። ጀናዛውን የሚያጥቡት ሴቶች ውሃ ጠየቁ። የመስጂዱ ጉድጓድ ጭቃ ብቻ ቀርቶታል። ወደ ሩቅ ምንጭ የተላኩት ሰዎች ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልተመለሱም፤ ሙቀቱም ጀናዛ የሚያቆይ አልነበረም። ኢማሙ፣ ውሃ በጠፋ ጊዜ ንጹህ አፈር ይበቃል፣ ሸሪዓው ያቀለለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው ብለው በተየሙም እንዲሸኙ ፈቀዱ። ሴቶቹ መዳፋቸውን በአፈር ላይ መትተው የወይዘሮ ሩቅያን ፊትና እጆች አበሱ። ሐጂ ሷዲቅ ፍርዱን በሙሉ ልብ ተቀበሉ። ከቀብር ሲመለሱ ግን በደረቀው የወንዝ ሆድ መሐል ቆመው ድንጋዮቹን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ታዩ።

በሳምንቱ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ጋደም ባሉበት ሕልም አዩ። ወይዘሮ ሩቅያ ከጋራው ወገብ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ይታጠባሉ። ውሃው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሐጂ ሊጠሯቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነቁ፤ የውሃው ድምፅ ግን ከነቁም በኋላ ጥቂት ጊዜ ጆሯቸው ውስጥ ቆየ። ሕልሙን ያን ጊዜ ለማንም አልተናገሩም። ሱቁን ለታናሽ ወንድማቸው አስረክበው፣ ዶማና አካፋ በትከሻቸው አድርገው ወደ ጋራው ወጡ።

ሥራውን ከላይ ከጫፉ ጀመሩ። የተንከባለለውን ድንጋይ እየለቀሙ በጋራው ወገብ ዙሪያ እንደ መቀነት ደረደሩት፤ ጎርፍ በቦረቦረው ሁሉ ላይ የድንጋይ ክትር ሠሩ። በክትሮቹ ጀርባ አፈር ሲጠራቀም የወይራና የጽድ ችግኝ ይተክላሉ። ከተማው ሐዘን አእምሯቸውን ነክቶታል አለ። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ ግማሹን እርከን ይዞት ወረደ። ሐጂ የወረደውን ድንጋይ እየተከተሉ ለቅመው መልሰው አወጡት። አንድ መንገደኛ ውሃን ማን ሊያቆመው ነው ብሎ ሲስቅባቸው፣ ማቆምስ አልችልም፣ ከመሮጥ ወደ መራመድ ቢመለስልኝ ይበቃኛል አሉት።

በሁለተኛው ዓመት የወይዘሮ ሩቅያ ወዳጅ የነበረች ዘይነባ የምትባል ጥጥ ፈታይ ቆሎ ቋጥራ ወጣች። ባሏ የሞተባት፣ አነጋገሯ ያልለዘበ ሴት ነበረች። ሥራው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠየቀቻቸው። ሐጂ ይህን ለራሳቸው ጠይቀው እንደማያውቁ ነገሯት። ዘይነባ ቆሎውን ከጥላ ሥር አስቀምጣ አንድ ድንጋይ አነሳች። በማግስቱ ከሁለት ምራቶቿ ጋር መጣች። ከዚያ በኋላ በየጁምዓው፣ ከሰላት መልስ፣ የሚወጣው ሰው በዛ። ያዘዘ አልነበረም፤ ዋጋ የጠየቀም አልነበረም። ሐጂ የሚሹት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ የመጣ ሰው ኒያውን፣ የልቡን ሐሳብ፣ አጥርቶ ይምጣ፣ የደከመውም ምክንያት ሳይደረድር ወደ ቤቱ ይሂድ። ሴቶቹ አፈር ሲሸከሙ መንዙማ ያወጣሉ፤ ወንዶቹ ከታች ይቀበላሉ። ዜማው ከጋራው ወርዶ በባዶው ወንዝ ውስጥ ሲጓዝ፣ ከተማ የቀሩት አዛውንቶች የውሃ ድምፅ የሰሙ እየመሰላቸው ወደ ደጅ ይወጡ ነበር።

ከጋራው ማዶ አበጋዝ የሚባል ባለፍየል ነበር። አባቱም አያቱም በዚያ ጋራ ላይ ያሰማሩ ነበር። ከፍየል በቀር ሌላ ሀብት አልነበረውም። እርከኑ ወደሱ በተጠጋ ቁጥር ግጦሹን ሊነጥቁኝ ነው የሚል ሥጋት ይበላው ጀመር። በአራተኛው ዓመት አንድ ማለዳ መንጋውን ለቀቀው። ፀሐይ ከመክረሯ በፊት በስድስት ጁምዓ የተተከለው ሁሉ እስከ ሥሩ ተበላ።

ወንዶቹ ዱላ ያዙ። ሐጂ እስክመለስ ተቀመጡ ብለዋቸው ብቻቸውን ወደ ማዶ ተሻገሩ። አበጋዝ በትሩን ይዞ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሐጂ ሰላምታ ሰጥተው ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አበጋዝ፣ ላማክርህ ነው የመጣሁት» አሉት። «ፍየሎችህ አፋቸውን የማያስጠጉት ተክል የትኛው ነው?»

አበጋዝ ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አልተዘጋጀም። በትሩን ከበረቱ አስደገፈ። የሚያውቁትን ነገር ተጠይቀው ዝም ማለት ከባድ ነው፤ እሱን የሚያክል ፍየል አዋቂ ደግሞ በአገሩ አልነበረም።

«ክትክታን አይነኩም» አለ። «ሬትንም አይቀምሱም።»

ከዚያም በየትኛው ወር የትኛውን ቅጠል እንደሚወዱ፣ የትኛው እንደሚያሳብጣቸው እያለ ሳያስበው የከሰዓቱ ዐስር ሰላት ደረሰ። ሐጂ ለመንጋው በረካ እንዲወርድለት ዱዓ አድርገውለት ተመለሱ። በዚያ ዓመት ክትክታና ሬት በረድፍ ተተክሎ አጥር ሆነ፤ ወይራውና ጽዱ ከአጥሩ ጀርባ ገባ። ፍየሎቹ መጡ፣ አሸተቱ፣ ተመለሱ። አበጋዝ ከሠራተኞቹ ጋር አልተቀላቀለም፤ ወዳጅም አልሆነ። መንጋውን ግን ዳግመኛ ሆን ብሎ አልለቀቀም።

ዓመታት አለፉ። ሳሩ መጣ፤ ከሳሩ ጋር ቆቅ መጣ። በዘጠነኛው ዓመት አንድ ማለዳ የረሱት ጉም ከጋራው ወገብ ላይ ተነስቶ እስከ መስጂዱ በር ወረደ። ሰዎች ከሰላት ሲወጡ እርስ በርስ ስላልተያዩ ባሉበት ቆሙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሰላምታ ሰጠ፣ ሌላው ድምፁን አውቆ መለሰለት፣ እንዲያ እንዲያ እያሉ ወደየቤታቸው ተበተኑ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ውሃው ፈለቀ። ግን የፈለቀው ከከተማው በኩል አልነበረም። ከአበጋዝ በረት በታች፣ እሱ በግጦሽ በያዘው መሬት ላይ ነበር። አበጋዝ በዙሪያው የእሾህ አጥር አጠረበት። የከተማው ሰው ተቆጣ፤ ነገሩም ወደ ሸሪዓው ዳኛ፣ ወደ ቃዲው ቀረበ።

ቃዲው በመስጂዱ ግቢ ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ሰሙ። የተጠማን ሰውና ከብት ከውሃ መከልከል እንደማይፈቀድ ለአበጋዝ ነገሩት፤ ውሃውን በቦይ ወደ ከተማ ማውረድ ግን የባለመሬቱን ፈቃድ እንደሚሻ ለከተማው ሰው አስረዱ። ከዚያ ለከተማው አንድ የሕግ በር እንዳለ ገለጹ። ጋራው ማንም ያላቀናው ሙት መሬት ከነበረ፣ ሕያው ያደረገው ሰው ባለቤቱ ይሆናል፤ ምንጩም አብሮ የእሱ ነው። ሙት ካልነበረ ግን ቀድሞ በያዘው እጅ ይጸናል።

«ሐጂ ሷዲቅ» አሉ ቃዲው፣ «ሥራውን በጀመሩበት ቀን ጋራው ሙት እንደነበረ በአላህ ይምላሉን?»

ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ጋራው ምን ይመስል እንደነበረ ያላየ አልነበረምና መሐላው ቀላል ነበር። ዘይነባ ከሴቶቹ መካከል ሆና ፈገግ ስትል ታየች። ሐጂ ተነስተው ቆሙ። ዓይናቸው በእርጅና ደክሞ ስለነበር የሕዝቡ ፊት ሁሉ አንድ ላይ ፈስሶ እንደ ጉም ሆነባቸው፤ በዚያ ጉም ውስጥ የመጀመሪያዋ ቀን መጣችባቸው። ቀትር ላይ ደክሟቸው ከገደሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። እምም የሚል ድምፅ ሰሙ። ጎንበስ ሲሉ ከአለቱ ሥር መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ አዩ፤ ንቦች በዳሯ ተሰልፈው ይጠጣሉ። አጠገቧ የተቆረጠ የወይራ ጉቶ ነበር፤ ከጎኑ ሁለት ቅጠል አውጥቷል። ይህን ከእሳቸውና ከፈጣሪያቸው በቀር ያየ የለም።

«አልምልም» አሉ።

ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

«ጋራው ሙት አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ከአለቱ ሥር እርጥበት አይቻለሁ። ንቦች ይጠጡበት ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው፣ መዳፍ የማትሞላ እርጥበት ውሃ ትባላለች ወይ ብሎ አጉረመረመ። ቃዲው፣ ነፍስ ያለው የጠጣው ውሃ ነው ብለው ምንጩን ለአበጋዝ ፈረዱ። አበጋዝ አንገቱን እንደ ደፋ ወጣ፤ ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር።

ዘይነባ ሐጂን ከበሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«ሐጅዬ፣ አሥር ዓመት አፈር ተሸክሜያለሁ» አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። እሷም ፊቷን አዙራ ሄደች።

በሚቀጥለው ጁምዓ ጋራው ላይ የወጣ አልነበረም። ሐጂ ብቻቸውን ወጡ። ከአበጋዝ ምንጭ በላይ ያለው ክትር አንድ ጎኑ ተንዶ ነበርና እሱን ሲጠግኑ ዋሉ። በማግስቱም ወጡ፤ በሦስተኛውም ቀን። አበጋዝ ከበረቱ ደጃፍ ሆኖ ያያቸው ነበር። የእሱ የሆነውን ውሃ፣ ያልማሉት ሽማግሌ ድንጋይ እየተሸከሙ ሲጠብቁለት ዘጠኝ ቀን ተመለከተ።

በአሥረኛው ቀን ዐስር ሰላት ተሰግዶ ሰው ከመስጂድ ሲወጣ፣ ከላይ በኩል የተለየ ሹክሹክታ ተሰማ። ሰዎች ወደ ወንዙ ዳር ሄዱ። አበጋዝ ዶማ ይዞ በደረቀው የወንዝ ሆድ ውስጥ እየወረደ ነበር። ቅጠሉን ይጠርጋል፣ ድንጋዩን ወደ ጎን ያደርጋል፣ ሁለት እርምጃ ይራመዳል። ከኋላው ውሃው እንደ ለማዳ ጥጃ ተረከዙን እየነካ ይከተለው ነበር። አልቸኮለም፤ አልደፈረሰም። ማንም እልል አላለም። ዘይነባ ጫማዋን አውልቃ ገብታ ቆመች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ዞሮ ሲያልፍ ዓይኗን ጨፈነች።

አበጋዝ ሐጂ ከቆሙበት ሲደርስ ዶማውን ተደግፎ ቆመ።

«ሐጅዬ» አለ፣ «ቢምሉ ኖሮ ጋራውም ምንጩም የርስዎ ነበር። የሚከራከርዎት አልነበረም። ስለ ምን ተዉት?»

ሐጂ ሷዲቅ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ጋራው ታሞ ነበር እንጂ አልሞተም። በሽተኛ ልጠይቅ ሄጄ ቤቱን ልውረስ?»

የሐጂ ቃል ይህች ብቻ ነች። ወገኖቼ፣ በሽተኛ መጠየቅ ምንዳው ትልቅ መሆኑን ሁላችንም እንናገራለን። ግን በሽተኛ ስንል ሰውን ብቻ እናስባለን። ሐጂ ሷዲቅ ምድርም ትታመማለች አሉ፤ ጠያቂም ትሻለች አሉ። ይህ የቃላቸው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። ብዙዎቻችን መልካም ሥራን ለአላህ ብለን እንጀምራለን፤ ላባችን ሲንጠባጠብ ግን ቀስ በቀስ የእኔ ማለት ይመጣል። መስጂዱን እኔ አሠራሁት፣ ችግኙን እኔ ተከልኩት እንላለን። እኛ ከመድረሳችን በፊት ከአለቱ ሥር ይጠጡ የነበሩትን ንቦች መመስከር አንወድም፤ እነሱን ከመሰከርን የእኛ ድርሻ ያንሳልና። ሐጂ መሰከሩ፤ ድርሻቸውም አነሰ፤ ወንዙ ግን ወረደ።

ዘይነባም ልክ ነበረች፤ አሥር ዓመት አፈር የተሸከመ ትከሻ ቢቆጣ አይፈረድበትም። በተከታዩ ጁምዓ ግን አካፋዋን ይዛ ከሁሉ ቀድማ ወጣች ይባላል። አበጋዝም ከፍየሎቹ መካከል ወጥቶ ከእርከኑ ላይ ተቀላቀላት።

እስቲ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ከየደጃችን በታች ያለውን ወንዝ እንየው። ስንት ዘመን ታሞ ተኝቷል? ወራሽስ ሞልቶታል፤ ያጣው ጠያቂ ነው።