ምሰሶ የያዘችው ይርገዱ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ገድሎ የሸሸ ወንድ ያገኘው ቤት ገብቶ ምሰሶውን ካቀፈ ማንም የማይነካበት አገር ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «የቤቱ ሰው» ይባላል፤ ባለቤቱም ይሞትለታል። ሴት ግን ምሰሶ ይዛ አታውቅም።

ይርገዱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ ጥጋቡ የሚባል ጎረምሳ ከወንድሙና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጠለፋት። ፈረስ ላይ ጭኗት ሲጋልብ ጆሮውን ነክሳ በጠሰችው። ወደቀች፣ ተነሳች፣ ሮጠች። ጉልበቷ ደም በደም ሆኗል። መጀመሪያ ያገኘችው ቤት ገብታ ምሰሶውን እቅፍ አደረገች።

ቤቱ የገላዬ ነበር፤ ሚስት የሌለው ሸማኔ ነው፣ አይታውም አታውቅ። ማን ነሽ እንኳን አላላትም። መጥረቢያውን አንስቶ በሩ ላይ ቆመና ተከትሏት ሊገባ የመጣውን የጥጋቡን ወንድም አናቱን ፈለጠው። እነሱም ግራ እጁን ከክንዱ ቆረጡት።

እጮኛዋ ደምለው ኡኡታውን ሰምቶ ደረሰ። ጥጋቡን ጎኑን በጦር ወጋው፣ ጓደኞቹን አባረረ። እሱም አንድ ዓይኑ ፈሰሰ።

ሽማግሌዎች መጡ። ይርገዱ ምሰሶው ላይ እንደተጣበቀች ነው።

ጥጋቡ ደሙን በጋቢው እየያዘ፣ «ወንድሜ በሷ ምክንያት ሞቷል። ለኔ ካልተሰጠች ነገ አባቷን እገድለዋለሁ» አለ።

ደምለው አባቷ ቃል እንደሰጡት ተናገረ። «ዓይኔም ሄዷል» አለ።

ገላዬ፣ «እኔ አልጠራኋትም። ምሰሶዬን ይዛለች፣ የቤቴ ሰው ናት» አለ። በአንድ እጅ ከእንግዲህ እንደማይሸምን ሁሉም ያውቃል።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ሴት የቤቱ ሰው ከሆነች ያው ሚስት ናት ሲሉ ይርገዱ ሰማቻቸው።

«ወንድ ሲይዘው የቤቱ ሰው ብቻ ትሉታላችሁ፤ እኔ ስይዘው ለምን ሚስት እሆናለሁ?» አለች።

አንዱ ሽማግሌ አቀርቅረው፣ «ልጄ፣ ለሴት ሌላ ቃል የለንም» አሏት።

ዛሬ በዚያ አገር ማግባትን «ምሰሶ መያዝ» ይሉታል፤ ሙሽሮች እየተዘፈነላቸው ይይዙታል። ያን ቀን ምን እንደተፈረደ ግን ሁሉም የየራሱን ያወራል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ይርገዱ ለማን ትገባለች? ወንድሙ ለሞተበት፣ ዓይኑ ለጠፋው ወይስ እጁን ለተቆረጠው? ለራሷ ትሁን ካላችሁ ደግሞ፣ ነገ አባቷን ከጥጋቡ ማን ያድናቸዋል?